ችግኝ አትስጡን፣ ኮረብታውን ስጡን

ክረምት በገባ ቁጥር ስልካችን ላይ አንድ ዓይነት ፎቶ ይደርሰናል። ባለሥልጣን ጎንበስ ብሎ ችግኝ ይተክላል፤ ዙሪያውን ሰው ከቦታል፤ አንድ ዓይነት ቲሸርት፣ አንድ ዓይነት ኮፍያ። ከፎቶው ሥር ቁጥር አለ፤ ይህን ያህል ሺህ ተተከለ ይላል። በሚቀጥለው ክረምት እዚያው ኮረብታ ላይ፣ አንዳንዴም እዚያው ጉድጓድ ውስጥ፣ ሌላ ችግኝ ይተከላል። በመካከሉ ያለፉት አሥር ወራት ግን ፎቶ የላቸውም።

ይህ ጽሑፍ ስለ እነዚያ አሥር ወራት ነው።

አቋሜን ከመጀመሪያው ላስቀምጥ። መቐለ ዛፍ ያጣችው ችግኝ ስላልተተከለ አይደለም። ነዋሪዋ ለተከለው ዛፍ ባለቤት ሆኖ ስለማያውቅ ነው። ጠዋት ይጠራል፣ ይቆፍራል፣ ይተክላል፣ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ከዚያ በኋላ ስለዚያ ኮረብታ የሚጠይቀውም ሆነ የሚጠየቅበት ነገር የለም። እኔ ዓይደር ነው የምኖረው። ዓይደር ሲባል ለአብዛኛው አንባቢ ሁለት ነገር ትዝ ይለዋል፤ ግንቦት 28 ቀን 1990 ከአየር የተደበደበው ትምህርት ቤትና ትልቁ ሆስፒታል። ሁለቱም ይህ ሰፈር በክፉ ቀን እንዴት እንደሚደራጅ ይመሰክራሉ። ሬሳ ያነሳ፣ ቁስለኛ ያሸከመ፣ ደመወዝ ሳይከፈለው ታማሚ ያከመ ሕዝብ አንድ ኮረብታ መጠበቅ ያቅተዋል ብሎ የሚያስብ ካለ ይህን ሕዝብ አያውቀውም።

ገጠሩ የሚያውቀው፣ ከተማው የዘለለው

በ1868 (እ.ኤ.አ.) የእንግሊዝ ጦር አፄ ቴዎድሮስን ሊገጥም ወደ መቅደላ የሄደው በትግራይ በኩል ነበር። ከጦሩ ጋር የነበሩት ፎቶ አንሺዎች በመንገዳቸው ያገኙትን ተራራና ሸለቆ አንስተዋል። ከ140 ዓመት በኋላ በቤልጅየም የጌንት ዩኒቨርሲቲው ያን ኒሰንና አብረውት የሠሩ ተመራማሪዎች እነዚያን ቦታዎች ፈልገው፣ እዚያው ቆመው፣ እንደገና አነሷቸው። ውጤቱ "ድሮ ሁሉ ደን ነበር፣ እኛ ጨረስነው" የሚለውን የለመድነውን ወሬ ገለበጠው። በአብዛኞቹ ቦታዎች አዲሱ ፎቶ ላይ ያለው ዛፍና ቁጥቋጦ ከአሮጌው ይበልጥ ነበር።

ይህ የእጅ ሥራ ውጤት ነው። የትግራይ ገበሬ በዓመት 20 ቀን ያለ ክፍያ እርከን ሲሠራ፣ ድንጋይ ሲደረድር ኖሯል። ገደላ ገደሉን ከከብትና ከመጥረቢያ ከለለ። ከተከለለ በኋላ መሬቱ ራሱ ይሠራል፤ ሰራው የሚባለው ግራር፣ ታሕሰስ ወይም በአማርኛው ክትክታ፣ አውሊዕ ወይም ወይራ ከቀረው ሥራቸው ያቆጠቁጣሉ። ውቅሮ አካባቢ የምትገኘው አብርሃ ወአጽብሃ በዚህ ሥራዋ በ2012 (እ.ኤ.አ.) የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም የሚመራውን የኢኩዌተር ሽልማት አገኘች። በ2017 (እ.ኤ.አ.) ደግሞ የትግራይ ክልል በረሃማነትን በመከላከል ፖሊሲው ዓለም አቀፍ የወርቅ ሽልማት ተሸለመ።

ሽልማቱን ሁላችንም እናወራዋለን። የሥራውን ሚስጥር ግን አናወራም። ሚስጥሩ በትግርኛ ስሪት የሚባለው የመንደር ደንብ ነው። ማን ሣር ያጭዳል? መቼ? ከብት ያስገባ ስንት ይቀጣል? ጠባቂው ማነው? የሚከፈለውስ ከምን? ይህን መንደሩ ተሰብስቦ ይወስናል። ሣሩ በማጭድ ታጭዶ በሸክም ይወጣል እንጂ ከብት አይገባም። ወጣቱ ቀፎ ይሰቅላል። ገበሬው ኮረብታውን የሚጠብቀው ከመንደሩ የወጣ ደንብና ከኮረብታው የሚገኝ ድርሻ ስላለው ነው።

በ2003 (እ.ኤ.አ.) ብርሃኑ ገብረመድህን፣ ጆን ፔንደርና ግርማይ ተስፋይ በትግራይ የጋራ ደኖች ላይ ያሳተሙት ጥናት አንድ ቁም ነገር ይዟል። በቁሸት፣ ማለትም በመንደር ደረጃ የሚተዳደር ደን ከፍ ብሎ በጣብያ ደረጃ ከሚተዳደረው ይልቅ የተሻለ ክብካቤ ያገኛል፤ ጥቅሙ ይበልጣል፣ ችግሩ ያንሳል። ልብ በሉ፤ ጣብያም ቢሆን ለገበሬው ቅርብ ነው። አንድ ደረጃ ከፍ ማለቱ ብቻ ልዩነት ካመጣ፣ ከተማ ላይ ኮረብታው ከሰፈር ተነጥቆ ወደ ቢሮ ሲገባ ምን እንደሚሆን መገመት አይከብድም።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው። መቐለን የከበቡት ኮረብቶች፣ የእንዳ ኢየሱስ ገመገምን ጨምሮ፣ የከተማው ሰው በየቀኑ ቀና ብሎ የሚያያቸው ናቸው። ስሪታቸው የታለ? የዓይደር ሰው፣ የሓድነት ሰው፣ የሓወልቲ ሰው ስለየትኛው ኮረብታ ነው ስብሰባ ተቀምጦ ደንብ ያወጣው? ገበሬው በደኑ ላይ ዜጋ ሆኗል፤ ከተሜው ግን የቀን ሠራተኛ ነው። ያውም ያልተከፈለው።

በከበባው ጊዜ የሆነው

ከሰኔ 2013 በኋላ የነበረውን መቐለ የኖረ ሰው ማስረዳት አያስፈልገውም፤ ለሌላው አንባቢ ግን ባጭሩ ላስታውስ። ባንክ ተዘጋ፣ ነዳጅ ጠፋ፣ መብራት ጠፋ፣ ደመወዝ ቀረ። በኤሌክትሪክ ምጣድ እንጀራ የሚጋግር ከተማ በአንድ ጊዜ ወደ ጭራሮና ከሰል ተመለሰ። እንጨቱ ከየት ይምጣ? ከኮረብታው። በ2023 (እ.ኤ.አ.) የወጣው የእምነት ነጋሽና የባልደረቦቹ የሳተላይት ጥናት ጦርነቱ በትግራይ በአሥርት ዓመታት የተገኘውን የእንጨት ሽፋን ወደ ኋላ እንደመለሰው አሳይቷል።

ያን ጊዜ ዛፍ የቆረጠ ሰው ላይ ጣት አልቀስርም። ልጁ ተርቦ ሰራውን የሚሳሳለት አባት የለም። መጥረቢያ ያነሳውን እጅ ከመውቀስ በፊት መብራቱን ያጠፋውን እጅ መጠየቅ ይገባል። ከዚያ ዘመን አንድ ትምህርት ግን መውሰድ አለብን። ሰዉ እንጨት ሲያስፈልገው የሚያስተባብረው አልነበረም። የትኛው ይቆረጥ፣ የትኛው ይቅር፣ ከየት በኩል ይጀመር፣ ጉቶው እንዲያቆጠቁጥ እንዴት ይቆረጥ የሚል ደንብ በከተማው ኮረብታ ላይ አልተዘጋጀም። ባሕር ዛፉና ወይራው እኩል እንጨት ሆኑ። ባሕር ዛፍ ተቆርጦ ከጉቶው በጥቂት ዓመት ይመለሳል። የወይራና የጥድ ዕድሜ ግን በትውልድ ነው የሚቆጠረው።

የፕሪቶሪያው ስምምነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ተፈረመ፤ በኅዳር ወር መቐለ ከብሔራዊው የኃይል መስመር ጋር ተገናኘች። የማገዶው ጥያቄ ግን በዚያ አልተዘጋም። ከቤታቸው የተፈናቀሉ ወገኖቻችን በየትምህርት ቤቱ፣ በሰባ ካሬ መጠለያ ዓመታት አሳልፈዋል። የሚያበስሉት በእንጨት ነው። ጭራሮ ጀርባዋ ላይ ተሸክማ ወደ ከተማ የምትወርድ እናት ያላየ የመቐለ ሰው የለም። ስለ ከተማ ደን የሚያወራ ሁሉ ከዚህች እናት መጀመር አለበት። እሷን በጠባቂ ማባረር ቀላል ነው። በማግስቱ በሌላ በኩል ትገባለች፤ መግባትም አለባት፤ ምክንያቱም ልጆቿ በልተው ማደር አለባቸው። ደንቡ ሲወጣ እሷም እዚያው ተቀምጣ የምትናገር ከሆነ ግን ነገሩ ይለወጣል። የደረቀ እንጨት የሚለቀምበት ቀን፣ ለማገዶ ተብሎ የሚተከል የባሕር ዛፍ ቁራሽ መሬት፣ ለእርጥቡ ክልከላ። ያኔ ከማንም በላይ ሌባን የምታውቀው እሷ ናት፤ ከማንም በላይ የምትጠብቀውም እሷ ናት።

ከመጥረቢያ የከፋ ነገር አለ

የተቆረጠ ሰራው ሥሩ ካለ ያቆጠቁጣል። የተሸነሸነ ኮረብታ ግን አይመለስም። ከጦርነቱ በኋላ በመቐለና በዙሪያዋ የመሬት ጉዳይ ምን ያህል መነጋገሪያ እንደነበር እናውቃለን። ባለቤቱ የማይታወቅ ኮረብታ ለመሬት ነጋዴ የተዘጋጀ ድግስ ነው። "ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ" ይባላል። የእኛ ኮረብቶች የሚናቅ ባለቤት እንኳ የላቸውም።

ይህ በእኛ ብቻ የደረሰ አይደለም። ናይሮቢ መሀል ካሩራ የሚባል ደን አለ፤ ከ1,000 ሄክታር በላይ ነው። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ባለሥልጣናትና ሸሪኮቻቸው ሊቀራመቱት ጀመሩ። ዋንጋሪ ማታይ ሴቶችና ተማሪዎችን አስከትላ ችግኝ ይዛ ገባች፤ በጥር 1999 (እ.ኤ.አ.) በዱርዬዎች ተደብድባ ጭንቅላቷ ተፈነከተ። ደኑ ግን ተረፈ። ከአምስት ዓመት በኋላ የኖቤል የሰላም ሽልማትን ያገኘችው ይህች ሴት ናት።

ከካሩራ ታሪክ እኛ የምንዘለው ሁለተኛው ምዕራፍ ነው። ከዱላው ከተረፈ በኋላም ካሩራ ሰው የሚፈራው፣ ወንበዴ የሚደበቅበት ጫካ ነበር። የኬንያ የ2005 (እ.ኤ.አ.) የደን ሕግ የአካባቢ ነዋሪ በማኅበር ተደራጅቶ ከመንግሥት ጋር ደን እንዲያስተዳድር ፈቀደ። የካሩራ ወዳጆች የሚባለው ማኅበር በዚህ ሕግ ገባ። ከደኑ አጠገብ ካለው የድሆች መንደር፣ ከሁሩማ፣ ጠባቂዎች ቀጠረ። ትናንት እንጨት ሰራቂ ይባል የነበረው ሰፈር የደኑ ዘበኛ ሆነ። ዛሬ ናይሮቢ ውስጥ ቤተሰብ ቅዳሜና እሑድ የሚሄደው እዚያ ነው። ደኑን ከሽንሸና ያዳነው ትግል ነበር፤ ሕያው ያደረገው ግን አስተዳደር ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ አዲስ አበባን እንይ። ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ ባሕር ዛፍ ከተማዋን ከማገዶ ረሃብ አድኗታል። የእንጦጦን እንጨት በጀርባቸው ተሸክመው ያወረዱ ሴቶች ደግሞ ለብዙ አሥርት ዓመታት የከተማዋን ምድጃ አንድደዋል። በ2013 እንጦጦ ፓርክ ሆኖ ተከፈተ። ያማረ ነው፤ ማንም አይክደውም። ግን ለከተማው ሰው የተሰጠው ቦታ የጎብኚ ቦታ ነው። ጎብኚ ይገባል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ይወጣል። ደኑ ቢታመም የሚጠራው የለም። መቐለም ነገ ፓርክ ልሥራ ስትል ይህንን ብቻ እንዳትቀዳ እፈራለሁ።

የሚነሱ መከራከሪያዎች

አንደኛ፦ "ሕዝብ የራበው ከተማ ስለ ዛፍ ማውራት ቅንጦት ነው።" ተሳስታችኋል። የመቐለ ሰው ውሃ በቦቴና በጀሪካን የሚገዛ ሰው ነው። ከተማዋ ለዓመታት የኖረችው በዓይናለም ጉድጓዶች ውሃ ነው። ኮረብታ ላይ የቆመ ቁጥቋጦ የዝናቡን ሩጫ ይገታል፣ አፈሩን ይይዛል፣ ውሃው ወደ ታች እንዲሰርግ ጊዜ ይሰጣል። አብርሃ ወአጽብሃ ላይ ጉድጓድ ቆፍረው ውሃ ያገኙት ተራራው ከተከለለ በኋላ ነው። ራቁቱን የቀረ ኮረብታ ጎርፉን ወደ ድሃው ቤት ነው የሚልከው። ባለፎቁ ጎርፍ አይገባበትም።

ሁለተኛ፦ "መሬት የመንግሥት ነው፤ ለሰፈር አይሰጥም።" ሕገ መንግሥቱ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል። "እና የሕዝብ" የምትለዋን ቃል ሁልጊዜ የምንውጣት ለምንድነው? አንቀጽ 92 አካባቢን የመንከባከብ ግዴታ የመንግሥትም የዜጎችም ነው ይላል፤ ሕዝብ በሚመለከቱት የአካባቢ ፖሊሲና ፕሮግራሞች ላይ የመመካከር መብት እንዳለውም ይደነግጋል። የፌዴራሉ የደን አዋጅ፣ ቁጥር 1065/2010፣ ከመንግሥትና ከግል ደን ሌላ የማኅበረሰብና የማኅበር ደን መኖሩን ያውቃል። ግዴታውን ከእኛ ወስዳችሁ መብቱን ቢሮ ውስጥ መቆለፍ ተገቢ አይደለም።

ሦስተኛ፦ "የከተማ ሰው ከየቦታው የመጣ ነው፤ እንደ ገበሬው አይተባበርም።" ለዚህ መልሱ አንድ ቃል ነው፤ እድር። ከየቦታው የመጣው ከተሜ ገንዘብ ያዋጣል፣ ድንኳን ይገዛል፣ ተራ ይይዛል፣ የቀረውን ይቀጣል፣ ሒሳቡን ያስመረምራል። ይህን ሁሉ ያለ መንግሥት በጀት። ቀብር የሚያስተዳድር ማኅበር ደን ማስተዳደር አያቅተውም። በ2009 (እ.ኤ.አ.) የኢኮኖሚክስ ኖቤል የተሸለመችው አሜሪካዊቷ ኤሊኖር ኦስትሮም ዕድሜዋን የፈጀችበት ጥናት የጋራ ሀብት የሚተርፈው መቼ እንደሆነ ይዘረዝራል፤ ድንበሩ ሲታወቅ፣ ደንቡን ተጠቃሚው ራሱ ሲያወጣ፣ ጠባቂው ለተጠቃሚው ተጠሪ ሲሆን፣ ቅጣቱ ከቀላል ጀምሮ ሲያድግ። የእድር መተዳደሪያ ደንብ ያነበበ ሰው ይህ አዲስ አይሆንበትም።

አራተኛ፦ "መንግሥት እየተከለ አይደለም ወይ?" እየተከለ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2011 በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መላው ዓለም ሰምቷል። ክልሎችም ፌዴራሉም፣ በሌላው ሁሉ ቢጣሉ፣ በዚህ ልማድ አንድ ናቸው፤ የሚቆጠረው የተተከለው ነው። እናት ልጇን የምትቆጥረው በወለደችው ሳይሆን በሕይወት ባለው ነው። ችግኝ ላይ ይህ ሕግ ለምን ይቀየራል?

ምን ይደረግ?

ማማረር ብቻ እንዳይሆን የምጠይቀውን በግልጽ ልጻፍ።

1. የከተማው ኮረብቶች አንድ በአንድ ይለኩ፤ ድንበራቸው ይተከል፤ ካርታቸው በየቀበሌው ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። ከዚያ በኋላ ከዚያ ውስጥ አንዲት ካሬ ለማንም እንደማትሰጥ የከተማው ምክር ቤት ይወስን።

2. እያንዳንዱ ኮረብታ በሥሩ ላሉት ሰፈሮች እድሮችና ትምህርት ቤቶች በጽሑፍ ውል ይሰጥ። የሽርሽር ፈቃድ ብቻ እንዳይሆን፤ የማስተዳደር ሥልጣን ይሁን። ከዓይደር ይጀመር፤ አንድ ኮረብታ፣ ሦስት ዓመት።

3. ደንቡን ተጠቃሚው ያውጣ። ስብሰባው ላይ እንጨት የሚለቅሙ እናቶች፣ የተፈናቃዮች ተወካዮች፣ ፍየል ያላቸው ሰዎች ይቀመጡ። እነሱ የሌሉበት ደንብ ወረቀት ነው።

4. ጠባቂውን ሰፈሩ ይምረጥ፣ ሰፈሩ ይክፈል። ገንዘቡ ከሣሩ፣ ከማሩ፣ ከባሕር ዛፉ አጣና ይምጣ። እስኪደርስ ድረስ ለተከላ ቀን ቲሸርት የሚወጣው በጀት ለጠባቂ ደመወዝ ይዋል።

5. በየዓመቱ ሰኔ ላይ፣ አዲስ ችግኝ ከመተከሉ በፊት፣ አምና ከተተከለው ስንቱ እንዳለ ይቆጠርና በአደባባይ ይነገር። ቆጣሪዎቹ የሰፈሩ ተማሪዎች ይሁኑ። ያልተቆጠረበት ኮረብታ ላይ አዲስ ችግኝ አይተከል።

6. ለሰፈሩ ሰው የመግቢያ ክፍያ አይኑር። የራሱን ኮረብታ ለመርገጥ ትኬት የሚቆርጥ ባለቤት የለም።

ከእነዚህ ውስጥ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አንድም የለም። ሁሉም የሚጠይቁት ሥልጣን መልቀቅን ነው። ለዚህ ነው የማይደረጉት። ችግኝ ማደል ለሰጪው ምስጋና ያመጣል፤ ኮረብታ መስጠት ግን ነገ ሲሸነሸን "ማን ፈቀደልህ?" ብሎ የሚጠይቅ ሕዝብ ይፈጥራል። አንዳንዶች የሚፈሩት የዛፉን መድረቅ ሳይሆን ይህን ጥያቄ ነው።

ከመቐለ አጠገብ ወደ ጨለቆት ሥላሴ የሄዳችሁ የደብሩን ቅጥር ዛፎች አይታችኋል። ዙሪያው ሲራቆት በመላው ሰሜን ኢትዮጵያ የቤተ ክርስቲያን ደን የቆየው በዘመቻ አይደለም። የደብሩ ሰው የእኔ ነው ብሎ ስለያዘው፣ አንዲት ቅርንጫፍ ብትቆረጥ የሚጠይቅ ስላለ ነው። ከተማውም የሚያስፈልገው ያው ነው፤ የሚጠይቅ ሰው።

ስለዚህ የዓይደር ሰዎች፣ የሌላውም ሰፈር አንባቢዎች፣ የዚህን ክረምት የተከላ ጥሪ ስትሰሙ አትቅሩ፤ ሂዱ። ግን አካፋውን ከማንሳታችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁ፤ "ይህን ዛፍ በጥቅምት የሚያጠጣው ማነው? ስሙ የት ተጽፏል?" መልስ ካላገኛችሁ በሚቀጥለው የእድራችሁ ስብሰባ ላይ ጉዳዩን አጀንዳ አስይዙ። ደብዳቤ ጻፉ፤ ኮረብታውን በስሙ ጥሩ፤ ለቀበሌያችሁ አስገቡ፤ ግልባጩን ያዙ። ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም።